ሥሩን ማን መረጠው?

የተለያዩ አምራቾች ስዊቾች በአንድ ኔትወርክ ሲገናኙ የሚፈጠረው ችግርና መፍትሔው

ረቡዕ፣ ኅዳር 4 ቀን 1995 ዓ.ም. (ኖቬምበር 13 ቀን 2002 እ.ኤ.አ.) ከሰዓት በኋላ፣ ቦስተን ከተማ በሚገኘው ቤዝ እስራኤል ዲኮነስ የሕክምና ማዕከል ኮምፒውተሮች መጎተት ጀመሩ። ሆስፒታሉ ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር የሚሠራ፣ በዘመኑ በመረጃ ቴክኖሎጂ አጠቃቀሙ ስሙ በበጎ የሚነሳ ተቋም ነበር። የሐኪም ትእዛዝ፣ የላቦራቶሪ ውጤትና የመድኃኒት ዝርዝር የሚያልፈው በኔትወርኩ ላይ ነው። ኔትወርኩ መጀመሪያ ዘገየ፣ ከዚያ ቆመ፤ መለስ አለና እንደገና ቆመ። ባለሙያዎች አንዱን ችግር ጋብ ሲያደርጉት ሌላው ይነሳባቸው ነበር። በመጨረሻ ሆስፒታሉ ወደ ወረቀት ተመለሰ። ትእዛዝ በእጅ ተጻፈ፣ ውጤት በሰው እጅ ከክፍል ወደ ክፍል ተመላለሰ። ነገሩ እስኪረጋጋ ቀናት ፈጀ።

የሆስፒታሉ የዚያን ጊዜ የመረጃ ኃላፊ ዶክተር ጆን ሃላምካ ራሳቸው የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም ናቸው። የሆነውን ሁሉ ሌሎች እንዲማሩበት በይፋ ተናገሩ። መነሻው አንድ ተመራማሪ ያስጀመረው፣ እጅግ ብዙ መረጃ በኔትወርኩ ላይ የሚያፈስ ፕሮግራም ነበር። ሥር የሰደደው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሆስፒታሉ በ1996 እ.ኤ.አ. ከሁለት ተቋማት ውህደት የተወለደ ሲሆን ኔትወርኩም ዓመት በዓመት፣ ስዊች በስዊች ላይ እየተቀጠለ ያደገ ነው። ስዊቾቹን በሥርዓት የሚያስተባብረው «ስፓኒንግ ትሪ» የተባለ ፕሮቶኮል ከተለካለት መጠን በላይ ተዘርግቶ ነበር። ትራፊኩ ሲበዛ ፕሮቶኮሉ አቃተው፣ ኔትወርኩም በራሱ ዙሪያ መሽከርከር ጀመረ።

እኛም አገር በባንክ፣ በጤና ጣቢያ፣ በክፍለ ከተማ ወይም በዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» ሲባል ያልሰማ የለም። ከዚያ መልስ ጀርባ ያለው ምክንያት ብዙ ነው፤ መብራት፣ የቴሌ መስመር፣ ሰርቨር። አንዱ ምክንያት ግን ከግቢው ሳይወጣ፣ በራኩ ላይ የተደረደሩት ስዊቾች እርስ በርስ አለመግባባታቸው ነው። በተለይ ስዊቾቹ ከተለያዩ ፋብሪካዎች የመጡ ሲሆኑ ችግሩ ለማየትም ለማስረዳትም ይከብዳል። እያንዳንዱን መሣሪያ ለብቻው ሲጠይቁት «ደህና ነኝ» ይላልና። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው፤ የኔትወርኩን ዛፍ ሥር ሰው ካልመረጠው መሣሪያው ይመርጠዋል፤ መሣሪያው ደግሞ የተቋሙን ፍላጎት አያውቅም።

ማቆሚያ የሌለው ዙር

ሁለት ስዊቾችን በሁለት መንገድ ማገናኘት ጥንቃቄ ነው፤ አንዱ ኬብል ቢበጠስ ሥራው በሌላው ይቀጥላል። ይኸው ጥንቃቄ ግን አደጋ አለው። በኢንተርኔት ላይ የሚጓዝ የአይፒ ፓኬት ዕድሜውን የሚቆጥር ቁጥር ይዞ ይሄዳል። በአንድ ራውተር ባለፈ ቁጥር አንድ ይቀነስለታል፣ ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። የኤተርኔት ፍሬም ይህ ቆጣሪ የለውም። መንገዱ ክብ ከሆነ የሚያስቆመው ነገር ስለሌለ ይዞራል።

ለሁሉም የሚላክ መልእክት፣ ማለትም ብሮድካስት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስዊች ብሮድካስት ሲደርሰው ከገባበት ፖርት በቀር በሌሎቹ ፖርቶች ሁሉ ያስወጣዋል። ክብ መንገድ ላይ ያ ቅጂ ተመልሶ ይመጣና እንደገና ይባዛል። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መስመሩ ይሞላል፣ የስዊቹ ማቀነባበሪያ ይታፈናል፣ የፖርቶቹ መብራቶች ሁሉ በአንድ ላይ ሳያቋርጡ ያብለጨልጫሉ። ባለሙያዎቻችን «ሉፕ ፈጠረ» የሚሉት ይህንን ነው። በሩቅ ሆኖ ለማስተካከል ሲሞከር ስዊቹ አይከፈትም፤ ወደ እሱ የሚያደርሰው መንገድ ራሱ ታፍኗልና።

መላውን ያገኙት ራዲያ ፐርልማን የተባሉ አሜሪካዊት የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ናቸው። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በተባለው ኩባንያ ሲሠሩ የነደፉትን አልጎሪዝም በ1985 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በጽሑፉ መግቢያ ላይ አሠራሩን የሚገልጽ አጭር ግጥም አስቀምጠዋል። የመላው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ኬብሎቹ በክብ ይያያዙ፣ ስዊቾቹ ግን ተነጋግረው ትርፍ የሆነውን መንገድ በጊዜያዊነት ይዝጉ፣ እንዲሠራ የሚቀረው መንገድ ክብ የሌለበት ዛፍ ይሁን። ዋናው መንገድ ሲበጠስ የተዘጋው ይከፈታል። አይትሪፕልኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ይህን መላ በ1990 እ.ኤ.አ. 802.1ዲ በሚል ቁጥር ደረጃ አድርጎ አወጣው።

ምርጫው እንዴት ይካሄዳል

ስዊቾቹ የሚነጋገሩት ቢፒዲዩ በሚባል ትንሽ መልእክት ነው። በነባሪው ቅንብር በየ2 ሰከንዱ ይላካል። መጀመሪያ የሚወስኑት የዛፉ ሥር ማን እንደሚሆን ነው። እያንዳንዱ ስዊች ሁለት ክፍል ያለው መለያ ይዞ ይቀርባል፤ አንደኛው የቅድሚያ ቁጥር፣ ሁለተኛው ፋብሪካው የሰጠው የማክ አድራሻ ነው። ትንሹ ቁጥር ያሸንፋል። የቅድሚያ ቁጥሩ ከፋብሪካ ሲወጣ በአብዛኛው 32768 ነው። ማንም ካልነካው ሁሉም እኩል ስለሚሆኑ ውሳኔው ወደ ማክ አድራሻው ይወርዳል። የማክ አድራሻ የመጀመሪያ ግማሽ ደግሞ ለአምራቹ የተመደበ ቁጥር ነው። ስለዚህ በተለያዩ አምራቾች መካከል ምርጫው የሚወሰነው የትኛው ኩባንያ ትንሽ ቁጥር እንደደረሰው ነው። ከስዊቹ ጥንካሬ፣ ከቦታው ወይም ከመስመሩ ፍጥነት ጋር የሚያገናኘው አንዳች ነገር የለም።

ሥሩ ከታወቀ በኋላ እያንዳንዱ ስዊች ወደ ሥሩ የሚያደርሰውን ርካሽ መንገድ ይፈልጋል። ርካሽነቱ የሚለካው በመስመሩ ፍጥነት ላይ በተመሠረተ ወጪ ነው። አንድ መንገድ ይመረጣል፣ ክብ የሚፈጥረው ትርፍ ይዘጋል። የተዘጋው ፖርት ግን ማዳመጡን አይተውም። የለመደው ቢፒዲዩ እስከ 20 ሰከንድ ካልደረሰው መንገዱ ተበጥሷል ብሎ ይነሳል፤ ለመከፈትም በሁለት ደረጃ 15፣ 15 ሰከንድ ይጠብቃል። የድሮው ስፓኒንግ ትሪ ኔትወርኩን ከ30 እስከ 50 ሰከንድ የሚያስቆመው በዚህ ምክንያት ነው። እነዚህ ጊዜያት የተሰሉት ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሰባት ስዊች ለማይበልጥ ኔትወርክ ነው፤ የቦስተኑ ከዚያ አልፎ ነበር።

ደረጃው ሳይደርስ ገበያው ቀደመ

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድን ኔትወርክ ቪላን በሚባሉ የተለያዩ ምናባዊ ኔትወርኮች መከፋፈል ተለመደ። ፋይናንስ ለብቻው፣ ተማሪዎች ለብቻቸው፣ ካሜራ ለብቻው ሆነ። ሲስኮ የተባለው የስዊች አምራች ለእያንዳንዱ ቪላን የራሱን ዛፍ የሚሠራ «ፒቪኤስቲ» የተባለ የራሱን ዘዴ አወጣ፤ በኋላም አሻሽሎ «ፒቪኤስቲ ፕላስ» አለው። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የቪላን ደረጃ 802.1ኪው ግን ለሁሉም ቪላን አንድ ዛፍ ብቻ ነበር ያስቀመጠው። በ2001 እ.ኤ.አ. ፈጣኑ ስፓኒንግ ትሪ 802.1ደብሊው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብዙ ቪላኖችን በጥቂት ዛፎች የሚያደራጀው 802.1ኤስ፣ ማለትም ኤምኤስቲፒ ተከተሉ።

ሁሉም ዛሬም በገበያ ላይ አሉ፤ አምራቾችም እንደየምርጫቸው ነባሪ ያደርጓቸዋል። የቆዩ የሲስኮ ካታሊስት ስዊቾች ፒቪኤስቲ ፕላስን፣ አዲሶቹ ፈጣኑን ፒቪኤስቲ ይዘው ይነሳሉ። ሁዋዌና አሪስታ ኤምኤስቲፒን፣ ጁኒፐርና ማይክሮቲክ ፈጣኑን ስፓኒንግ ትሪ ይዘው ይመጣሉ። የኤችፒ ፕሮከርቭ ስዊቾች ደግሞ ከካርቶን ሲወጡ ስፓኒንግ ትሪያቸው ጭራሽ ጠፍቶ ነበር። አምስት ዓይነት ሳጥን በአንድ ግቢ ሰብስቦ ኬብል የሰካ ሰው፣ ሳያውቀው አምስት የተለያየ ልማድ በአንድ ኔትወርክ ላይ አስቀምጧል።

ከነዚህ ልማዶች መካከል ብዙ ሰው የማያስተውለው የሲስኮ ፒቪኤስቲ መልእክቱን የሚልክበት መንገድ ነው። ለቪላን 1 ሁሉም አምራች የሚያውቀውን መደበኛ ቢፒዲዩ ይልካል። ለሌሎቹ ቪላኖች ግን የራሱን መልእክት በራሱ አድራሻ ይልካል። የሌላ አምራች ስዊች ይህን ሁለተኛውን መልእክት የማያውቀው ከሆነ እንደ ተራ ትራፊክ ቆጥሮ በዚያው ቪላን ወደ ሌሎቹ ፖርቶች ያሳልፈዋል። ስለዚህ ሁለት የሲስኮ ስዊቾች መካከላቸው ያለውን የሌላ አምራች ስዊች ሳያዩት፣ በቀጥታ የተገናኙ መስሏቸው ይነጋገራሉ። በአንድ ኬብል ላይ ሁለት የማይተያዩ ዛፎች ይበቅላሉ ማለት ነው። ቪላን 1 ብዙ ቪላኖችን ከሚያሳልፈው መስመር፣ ከትራንኩ ላይ ሲወገድ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙበት ብቸኛው መደበኛ መልእክት አብሮ ሊቀር ይችላል።

መብራት በጠፋ ቁጥር

ይህን በዓይኔ ያየሁት አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ማሠልጠኛ ተቋም ነው። ግቢው ሁለት ሕንፃ አለው። በዋናው ሕንፃ ሰርቨር ክፍል ሁለት ቆየት ያሉ የሲስኮ ስዊቾች፣ በጀርባው ሕንፃ በኋላ በጨረታ የተገዛ አንድ የሁዋዌ ስዊች አሉ። ሦስቱ በሦስት ማዕዘን ተያይዘዋል። አንዱ ኬብል ቢበጠስ ሥራው እንዳይቆም ታስቦ የተሠራ፣ በወረቀት ላይ ሲያዩት የሚያምር ዝርጋታ ነው።

ቅሬታው ግን አንድ ነበር፤ ሲስተሙ ድንገት ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆማል፣ ከዚያ ራሱ ይመለሳል። ችግሩን እንድትፈታ የተጠራችው ወጣት የኔትወርክ መሐንዲስ ላፕቶፗን ሳትከፍት በፊት ግቢውን ለዓመታት የሚያውቁትን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አነጋገረች።

«ጋሼ፣ መቼ መቼ ነው የሚቆመው?»

«መብራት ሲጠፋ ነዋ ልጄ።»

«ሰርቨር ክፍሉ ጄኔሬተር አለው አይደል እንዴ?»

«የዚህኛው አይጠፋም። የኋላው ሕንፃ ነው የሚጠፋው። የዚያኛው ዩፒኤስ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ሲጠፋ አንዴ ይቆማል፣ ሲመለስ ደግሞ አንዴ ይቆማል።»

የሳቸው መልስ ከየትኛውም ሎግ የበለጠ ነገር ይዟል። የኋላው ሕንፃ መብራት ሲጠፋ የኋላው ሕንፃ ሰዎች ቢቋረጡ ያለ ነው። የዋናው ሕንፃ ሰዎች ለምን ይቋረጣሉ? መብራቱ ሲመለስስ ለምን ሁለተኛ ጊዜ ይቆማል?

መሐንዲሷ ኮንሶል ኬብሉን ሰክታ በአንደኛው ሲስኮ ላይ «ሾው ስፓኒንግ-ትሪ ሩት» ብላ ጠየቀች። የቪላን 1 ሥር ሆኖ የወጣው የማክ አድራሻ ከሁለቱም የሰርቨር ክፍል ስዊቾች የአንዱም አልነበረም። ወደ ኋላው ሕንፃ ሄዳ በሁዋዌው ላይ «ዲስፕሌይ ኤስቲፒ» ስትል ያው አድራሻ ራሱ ወጣ። የቪላን 1 ሥር፣ ባትሪው በሞተ ዩፒኤስ ላይ የተቀመጠው ስዊች ነበር።

ለምን እሱ ተመረጠ? ቁጥሩ እዚያው ይታያል። የሁዋዌው ቅድሚያ 32768 ነው። የሲስኮዎቹ ደግሞ 32769 ይላል። ፒቪኤስቲ በቅድሚያ ቁጥሩ ላይ የቪላኑን ቁጥር ይደምራልና ለቪላን 1 አንድ ተጨምሮበታል። ምርጫው የማክ አድራሻ ላይ ሳይደርስ በአንድ ቁጥር ልዩነት አለቀ። ሁለቱም መሣሪያዎች ጤነኞች ናቸው፤ ሁለቱም የሠሩት በተሠሩበት ልክ ነው። ያልተሠራው የሰው ውሳኔ ነው፤ ከሦስቱ በአንዱም ላይ የቅድሚያ ቁጥር የነካ ሰው አልነበረም።

ሌሎቹ ቪላኖች ደግሞ የራሳቸው ታሪክ ነበራቸው። በቪላን 10 ላይ ሥሩ አንደኛው ሲስኮ ነው፤ ይህ ጥሩ ነው። ሁለተኛው ሲስኮ ግን ወደ ሥሩ የሚሄደው እዚያው ራክ ላይ ባለው አጭር ኬብል መሆኑ ቀርቶ በኋላው ሕንፃ በኩል ዞሮ ነበር። ምክንያቱ ከላይ ያየነው ነው። ሁዋዌው የፒቪኤስቲውን መልእክት እንዳለ ስለሚያሳልፈው ሁለቱም መንገዶች ለሲስኮው በቀጥታ የተገናኙ መስለው ታዩት። ፍጥነታቸው እኩል፣ ወጪያቸው እኩል ነው። እኩል ሲሆኑ መለያው የላኪው ፖርት ቁጥር ነው፤ ወደ ኋላው ሕንፃ የሚሄደው ኬብል የተሰካው ፖርት 1 ላይ፣ በራኩ ላይ ያለው አጭር ኬብል ፖርት 24 ላይ ነበር። ትንሹ አሸነፈ። የፋይናንስ ክፍል ፋይል ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ስዊቾች መካከል ለማለፍ ግቢውን አቋርጦ ይመለስ ነበር።

እንቆቅልሹ በዚህ ተፈታ። የኋላው ሕንፃ መብራት ሲጠፋ የቪላን 1 ሥር ይጠፋል፣ የቪላን 10 መንገድም ይቆረጣል። ተዘግቶ የነበረው አጭር ኬብል ለመከፈት በአሮጌው ፕሮቶኮል 30 ሰከንድ ይፈጅበታል። መብራቱ ሲመለስ ሁዋዌው ሥርነቱን ያስመልሳል፣ አጭሩ ኬብል ይዘጋል፣ ወደ ኋላው ሕንፃ የሚሄዱት ፖርቶች ደግሞ ሌላ 30 ሰከንድ ይጠብቃሉ። ሽማግሌው በቃላቸው የተናገሩት አንድ ሳይቀር ትክክል ነበር።

ጥገናው

ፈጣኑ ማስታገሻ ቀላል ነው፤ የአንደኛውን ሲስኮ ቅድሚያ 4096፣ የሁለተኛውን 8192 ማድረግ። ቁጥሩ የሚሄደው በ4096 እየጨመረ ነው። በዚህ ብቻ ሥሩ ወደ ሰርቨር ክፍሉ ይመለሳል፣ ተተኪውም ይታወቃል። መሐንዲሷ ይህን በመጀመሪያው ቀን አደረገች። በሁለት ቋንቋ መነጋገሩ ግን አልቀረም ነበርና ሥራ በሌለበት ምሽት ሦስቱንም ወደ ኤምኤስቲፒ ለማዛወር ቀጠሮ ያዘች። ሁዋዌን በሲስኮው መንገድ ማሠራትም ይቻላል፤ ቪቢኤስቲ የተባለ ከፒቪኤስቲ ጋር የሚግባባ ዘዴ አለው። እሷ የመረጠችው ነገ ሦስተኛ አምራች ቢገባ የሚያስተናግደውን ክፍት ደረጃ ነው።

ኤምኤስቲፒ ላይ ስዊቾች አንድ ቡድን የሚሆኑት ሦስት ነገር ሲገጥም ነው፤ የቡድኑ ስም፣ የእትም ቁጥሩ፣ የቪላኖቹ ድልድል። ስሙ ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል እንኳ ይለያል። በሁዋዌ ስዊች ደግሞ ነባሪው የቡድን ስም የራሱ የማክ አድራሻ ነው፤ ማለትም ሰው ካልነካቸው ሁለት የሁዋዌ ስዊቾች እንኳ አንድ ቡድን አይሆኑም። ድልድሉ በአጭር የተሰላ አሻራ ሆኖ በቢፒዲዩው ውስጥ ይላካል። አሻራው ካልገጠመ ስዊቹ ጎረቤቱን እንደ ባዕድ ይቆጥረዋል።

ያን ምሽት ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት ቁጥር፣ አንድ ዓይነት ድልድል ተጻፈ። ሲስኮዎቹ ወዲያው ተያያዙ፤ ሁዋዌው አሁንም እንደ ባዕድ ይታያል። መሐንዲሷ ቅንብሩን ፊደል በፊደል አነበበች፤ ልዩነት የለም። ከዚያ የሁለቱን አሻራ ጎን ለጎን አስቀመጠች። አይገጥሙም። አየር ማቀዝቀዣው ብቻ በሚሰማበት ክፍል ቆም ብላ አሰበችና በሁዋዌው የቡድን ቅንብር ውስጥ ገብታ አንድ መስመር ጻፈች፤ «አክቲቭ ሪጅን-ኮንፊገሬሽን»። በብዙዎቹ የሁዋዌ ስዊቾች የቡድኑ ቅንብር ቢጻፍም በዚህ ትእዛዝ ካልጸደቀ ሥራ ላይ አይውልም። አሻራው ገጠመ፣ ሦስቱ አንድ ቡድን ሆኑ።

ለውጡ ሌላ ጥቅምም አመጣ። ሲስኮ በፒቪኤስቲ ሲሠራ የመስመር ወጪን በአጭሩ ሚዛን ይለካል፤ ባለ 1 ጊጋቢት መስመር 4፣ ባለ 10 ጊጋቢት 2 ነው። ሁዋዌን ጨምሮ ብዙዎቹ ደግሞ በረጅሙ ሚዛን ይለካሉ፤ ለነሱ 1 ጊጋቢት 20,000፣ 10 ጊጋቢት 2,000 ነው። ሁለቱ ሚዛኖች በአንድ ኔትወርክ ሲደባለቁ በአጭሩ የተለካው መንገድ ሁልጊዜ ርካሽ ይመስላል። ስለዚህ ዘገምተኛው መስመር ሊመረጥ፣ ፈጣኑ ሊዘጋ ይችላል። ሲስኮ ወደ ኤምኤስቲፒ ሲዛወር ረጅሙን ሚዛን ስለሚይዝ ሦስቱም በአንድ ሚዛን መለካት ጀመሩ።

በመጨረሻ ማረጋገጫው ቀረ። ፒንግ ወደ ሰርቨሩ እየሄደ፣ የኋላው ሕንፃ ስዊች ሆን ተብሎ ጠፋ። በዋናው ሕንፃ ፒንጉ አልተቋረጠም።

ፍለጋው በቅደም ተከተል

ሌላ ግቢ፣ ሌላ የመሣሪያ ስብጥር ሲያጋጥም የሚከተለው ቅደም ተከተል ይሠራል።

የብሮድካስት ማዕበል ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ አስቁሙት። ትርፍ የሆኑትን ኬብሎች አንድ በአንድ ንቀሉ፤ መብራቶቹ ሲረጋጉ በመጨረሻ የነቀላችሁት ኬብል በክቡ ላይ ነበር። ሁሉንም ስዊች አጥፍቶ ማብራት ለጊዜው ያስታግሳል፣ ማስረጃውን ግን ያጠፋል።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ስዊች «ሥሩ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም ስለ አንዱ ቪላን አንድ አድራሻ ካልመለሱ በመካከላቸው ቢፒዲዩ የማይተላለፍበት ቦታ አለ። መልሳቸው አንድ ከሆነም ያ አድራሻ እናንተ የምትፈልጉት ስዊች መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ የትኛው ፖርት እንደተዘጋ ከየስዊቹ ጠይቃችሁ በወረቀት ላይ ሳሉት። በክብ ውስጥ አንድም የተዘጋ ፖርት ካላገኛችሁ ችግሩ እዚያው ነው።

የለውጥ ቆጣሪውን ተከተሉ። እያንዳንዱ ስዊች የዛፉ ቅርጽ ስንት ጊዜ እንደተለወጠ፣ የመጨረሻው ለውጥ መቼና በየትኛው ፖርት በኩል እንደመጣ ይመዘግባል። ያን ፖርት ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ስዊች፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ሂዱ፤ ምንጩ ላይ ትደርሳላችሁ። አንድ የማክ አድራሻ በሁለት ፖርቶች መካከል እየተመላለሰ መሆኑን የሚናገር ሎግ ካያችሁም ሉፕ ሊኖር ይችላል።

የአምራቾቹ ወሰን ላይ ስትደርሱ ግምቱን ትታችሁ ትራፊኩን ዋይርሻርክ በተባለው መቅጃ ፕሮግራም ያዙት። መደበኛው ቢፒዲዩ ነው የሚመጣው ወይስ የሲስኮው? ሁለቱም? በየትኛው ቪላን? የአንድ ደቂቃ ቅጂ የብዙ ሰዓት ክርክር ይፈታል። ፈጣኑ ፕሮቶኮል በዝግታ የሚሄድ ከሆነ የመስመሩን ዱፕሌክስ ተመልከቱ። በሃፍ ዱፕሌክስ የወደቀ ፖርት እንደ የጋራ መስመር ስለሚቆጠር ፈጣኑን መንገድ አያገኝም። ድሮ አሮጌ ስዊች ተሰክቶበት የነበረ ፖርትም በአሮጌው ፕሮቶኮል ሊቀር ይችላልና እንደገና እንዲጀምር ማዘዝ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ጠረጴዛ ሥር እዩ። ማንም የማያስተዳድራቸው ትናንሽ ስዊቾች ቢፒዲዩን አንዳንዶቹ ያሳልፋሉ፣ አንዳንዶቹ ይጥላሉ። የሚጥሉት ላይ ክብ ከተፈጠረ ትልቁ ስዊች ሊያየው አይችልም። መከላከያው በሠራተኛ ፖርቶች ላይ፣ ቢፒዲዩ ሲመጣ ፖርቱን የሚዘጋውን ቢፒዲዩ ጋርድን፣ ቢፒዲዩ ለሚጥሉትም የብሮድካስት መጠን ገደብን ማብራት ነው። ቢፒዲዩ ፊልተር ግን ሌላ ነገር ነው፤ መልእክቱን ያፍናል፣ ሉፑን አያቆምም።

ሳይቃጠል በቅጠል

የአገራችን የመንግሥት ግዥ ሕግ የጨረታ ዝርዝር መግለጫ በአንድ የንግድ ምልክት ላይ እንዳይመሠረት ይጠይቃል፤ ምልክት መጥቀስ ግድ ቢሆን እንኳ «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል ይታከላል። ይህ ለውድድርም ለሕዝብ ገንዘብም ተገቢ ነው። ውጤቱ ግን የታወቀ ነው፤ ዘንድሮ የተገዛው ከአምና ካቻምናው ጋር አንድ አይሆንም። በአንጻሩ በየማሠልጠኛው በስፋት የሚሰጠው ሲሲኤንኤ ነው፣ እሱም የአንድ አምራች፣ የሲስኮ ትምህርት ነው። ወጣቱ ባለሙያ የተማረው ሌላ፣ ራኩ ላይ የሚያገኘው ሌላ ይሆንበታል። ጂኤንኤስ3 እና ኢቪኢ-ኤንጂን የመሰሉ ነፃ ማስመሰያዎች ባሉበት ዘመን የተደባለቀ ኔትወርክን በላብራቶሪ ማስተማር የሚያቅት አይደለም።

የቦስተኑ ሆስፒታል ከዚያ ሳምንት በኋላ ኔትወርኩን እንደ አዲስ ገነባው። አቅም ያለው ተቋም ሁሉ ሊያደርገው የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የሚሄደውን መንገድ በራውቲንግ መለየትና ስፓኒንግ ትሪን በየሕንፃው ውስጥ መወሰን። ዛፉ ሲያንስ የሚያጠፋውም ያንሳል።

ለዚህ አቅም የሌለውም ቢሆን የሚከተለውን ማድረግ ይችላል፤ ተጨማሪ በጀትም አይጠይቅም። የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁ ወገኖች፣ ከፖርት ብዛትና ከፍጥነት ጎን ኤምኤስቲፒን፣ ቢፒዲዩ ጋርድንና ያልተመረጠ ስዊች ሥር እንዳይሆን የሚከለክለውን ሩት ጋርድን በግልጽ ጻፉ። ርክክቡ ካርቶን ቆጥሮ መፈረም ብቻ አይሁን፤ አቅራቢው ኮሚቴው ፊት ዋናውን ኬብል ነቅሎ ኔትወርኩ ለስንት ሰከንድ እንደሚቆም ያሳይ። ባለሙያዎች ደግሞ ሥሩ የቱ እንደሆነ፣ ተተኪው የቱ እንደሆነ፣ የትኞቹ ፖርቶች መዘጋት እንዳለባቸው በአንድ ገጽ ላይ ሳሉና ራኩ በር ላይ ለጥፉት። ነገ ወደ ሥራ ስትገቡ ከስዊቾቻችሁ አንዱን ክፈቱና ሥሩ ማን እንደሆነ ጠይቁት። የሚመልሰው እናንተ የመረጣችሁትን ካልሆነ፣ መብራት እስኪጠፋ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን አስተካክሉት።